የእድር ጸሐፊ በጤና መድህን ጉባኤ

በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ከደብረ ማርቆስ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በሚርቀው ቀበሌያችን የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን እድሳት በተጀመረበት ሳምንት፣ ሰው የመድህን አባልነት ደብተሩን እንዲያሳድስ ለመቀስቀስ በእድራችን ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ተናገርሁ። ገበሬ ነኝ፤ በልጅነቴ ቅኔ ቤት ገብቼ ስለነበር ከብዕር ሳልለያይ ቀርቻለሁ፤ የእድሩ ጸሐፊም፣ በወረዳው የመድህን ጠቅላላ ጉባኤ የቀበሌው ተወካይም እኔው ነበርሁ። ስለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድሁም። «ለእድር በየወሩ የምናዋጣው ሞት ተመኝተን አይደለም፤ መድህኑም እንደዚያው ነው፤ ጤነኛው ለታመመው ያዋጣል» አልሁ። ንግግሬ የሰውን ልብ የሚያገኝ መስሎኝ ነበር።

ከሴቶቹ ወገን የተቀመጡ አንዲት እማሆይ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ የእድሩን ገንዘብ አንተ ራስህ በየወሩ ታነብልናለህ። ስንት እንደገባ፣ ለማን ቀብር ስንት እንደወጣ፣ ሳጥኑ ውስጥ ስንት እንደቀረ እናውቃለን። የመድህኑን ማን አንብቦልን ያውቃል?» መልስ አልነበረኝም። እማሆይ በዚያ ዓመት አላሳደሱም፤ እርሳቸውን አይተው ሌሎችም ቀሩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ጥያቄያቸውን ለመመለስ ያደረግነውን፣ የተሳካውንም የከሸፈውንም፣ በሌላ ቀበሌና ወረዳ ያሉ አባላትና ተወካዮች ቢጠቀሙበት ብዬ እጽፈዋለሁ። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ጊዜ ለጎጃም የከበደ ስለሆነና ሥራውም እንደ ቀድሞው ስላልሄደ፣ የምተርከው እስከዚያ ድረስ ያለውን ብቻ ነው።

መድህኑ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩ፤ ደቡብ አቸፈር ደግሞ የጎጃም ወረዳ ነው። አባል የሚሆነው ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው፤ መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ የታመመ አባል ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ሕመሙ ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ከሆነም በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይላካል፤ ምርመራውም፣ መኝታውም፣ መድኃኒቱም ከመድህኑ ይከፈላል። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ለውበት ተብሎ የሚደረግ ሕክምና አይሸፈንም። መክፈል ለማይችሉት መዋጮውን መንግሥት፣ ማለትም ክልሉና ወረዳው፣ ይሸፍናል። በአሠራሩ የመድህኑ ባለቤት አባሉ ነው፤ የየቀበሌው ተወካዮች በጠቅላላ ጉባኤ ተሰብስበው ሪፖርት ይሰማሉ፣ ይወስናሉ። እውነቱን ለመናገር ግን ከእማሆይ ጥያቄ በፊት ሁለት ጊዜ ጉባኤ ተቀምጬ፣ ሪፖርት ሲነበብ ሰምቼ፣ እጄን አውጥቼ አጽድቄ፣ አበሌን ተቀብዬ ከመመለስ በቀር የሠራሁት የለም። የሰማሁትን ሪፖርት ወደ ላኩኝ ሰዎች ይዤ መመለስ እንዳለብኝ እንኳ አላሰብሁም።

በዚያው ዓመት የሠራሁትን ሌላ ጥፋት ደግሞ ሳልናገር ባልፍ ጽሑፉ ሙሉ አይሆንም። ከጎረቤቶቼ አራት አባወራዎች ገንዘቡን «አንተ ስትሄድ ክፈልልን» ብለው በእጄ ሰጡኝ። እኔም በአዝመራ ተይዤ ዛሬ ነገ ስል ሦስት ሳምንት አሳለፍሁ። በመሐሉ የአንደኛው ሕፃን ልጅ የሳንባ ምች ያዘው። ደብተሩ የዓመቱ ማህተም ስላላረፈበት በጤና ጣቢያው የካርዱንም፣ የምርመራውንም፣ የመድኃኒቱንም በጥሬ ገንዘብ ክፈሉ ተባሉ፤ አባትየው በግ ሸጦ ከፈለ። ልጁ ዳነ። ለበጉ ዋጋ የሚሆን ገንዘብ ይዤ ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ አባትየው ገንዘቡን ተቀብሎ «አያ፣ ጥፋቱስ የእኔም ነው፤ ያለ ደረሰኝ የሰጠሁህ እኔ ነኝ» አለኝ፤ ይህ ከስድብ ይልቅ አመመኝ። ከዚያ ወዲህ የማንንም መዋጮ በእጄ አልተቀበልሁም። ተወካይ የሆነ ሰው ገንዘብ ሰብሳቢ ባይሆን፣ ሰብሳቢ ከሆነም ደረሰኙን እዚያው ቆርጦ ቢሰጥ፣ ማህተሙንም በሳምንቱ ውስጥ ቢያስመታ ይሻላል፤ ብር የተከፈለበት ቀን ሳይሆን ማህተም ያረፈበት ቀን ነውና በሕክምና በር ላይ የሚቆጠረው።

እንደ መጋቢት ወር ወደ ወረዳው የመድህን ጽሕፈት ቤት ሄጄ የቀበሌያችንን ሒሳብ እንዲያወጡልኝ ጠየቅሁ። ይከለክሉኛል ብዬ የሙግት ቃል አዘጋጅቼ ነበር። ሒሳብ ያዡ ግን «እስከ ዛሬ የጠየቀ ሰው ስለሌለ ነው እንጂ ምስጢር አይደለም» ብሎ መዝገቡን ገለጠ፤ ስንት ቤተሰብ እንደተመዘገበ፣ ከእነርሱም ስንቱ በመንግሥት ክፍያ እንደገቡ፣ ስንት ብር እንደተሰበሰበ፣ ለየትኛው ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ስንት እንደተከፈለ በግማሽ ገጽ ወረቀት ጻፈልኝ። በመጨረሻው መስመር ላይ «ያልተከፈለ» የሚል ነበረ። ምን እንደሆነ ብጠይቅ ለጤና ጣቢያው ሊከፈል የሚገባው፣ ገና ያልተጣራ የሩብ ዓመት ሒሳብ ነው አለኝ። የዚያን መስመር ትርጉም በቅጡ የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

ወረቀቱን በሚቀጥለው የእድር ቀን፣ ከእድሩ ሒሳብ ቀጥሎ አነበብሁት። የሰው ፀጥታ ይገርም ነበር። ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቃቸው በሪፈር ሄዶ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት የአንድ አባል ወጪ ብቻውን የብዙ ቤተሰቦችን የዓመት መዋጮ መብላቱ ነው። «ማን ነው እሱ?» የሚል ጥያቄ ወዲያው ተነሣ። የሰውን በሽታ በእድር ላይ እንደማላነብ ነገርኋቸው፤ በገጠር ምስጢር እስከ ምሽት ባይቆይም፣ ከጸሐፊው አፍ መውጣትና ከጎረቤት አፍ መውጣት አንድ አይደለም። ሒሳብ ለማንበብ የሚያስብ ሰው ሁሉ ይህን አስቀድሞ ይወስን፤ ቁጥሩ ለሁሉም፣ ስሙ ለማንም።

ከንባቡ በኋላ የመጣው ቅሬታ ግን ስለ ገንዘብ ሳይሆን ስለ መድኃኒት ነበር። «ከፍለን፣ ተመርምረን፣ መድኃኒት ክፍሉ በር ላይ ስንደርስ የለም፣ ከውጭ ግዙ እንባላለን» ይላሉ። ይህ አቤቱታ አዲስ አይደለም፤ በየስብሰባው ይነሣል፣ ኃላፊው «ችግሩ ጊዜያዊ ነው» ይላል፣ ስብሰባው ይበተናል። እኛ ያደረግነው አንድ የተማሪ ደብተር ገዝቶ መስመር ማስመር ነው። በየጎጡ አንድ ማንበብና መጻፍ የምትችል ሴት ወይም ወጣት መርጠን፣ ከጤና ጣቢያ የተመለሰ ሰው ሁሉ የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀቱን እንዲያሳያቸው አደረግን። እነርሱም ቀኑን፣ የታዘዘውን መድኃኒትና ተገኘ ወይስ አልተገኘም የሚለውን ብቻ ይጽፋሉ። የታካሚው ስም አይጻፍም። የሐኪም ጽሕፈት ማንበብ እንደ ቅኔ ፍቺ ከባድ ስለሆነ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በሳምንት አንድ ቀን እየመጣች ታርምልን ነበር።

ከአራት ወር በኋላ ደብተሮቹን ስናስተያይ እኛ «መድኃኒት የለም» እያልን ስንጮህ የኖርነው ነገር መልኩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። አብዛኛው የታዘዘ መድኃኒት ይገኛል፤ ደጋግመው የሚጠፉት የደም ግፊት፣ የስኳር እንክብልና የሕፃናት ሽሮፕ ናቸው። የሚጠፉትም በዘፈቀደ ሳይሆን በሩብ ዓመቱ መጨረሻ አካባቢ ነው። የግፊትና የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒቱን በየወሩ የሚወስድ ስለሆነ፣ ጥቂት ዓይነት መድኃኒት በመጥፋቱ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ስለዚህም ጮኾ የሚያማርረው፣ መድህኑንም ለመተው የሚቀድመው እርሱ ነው።

ደብተሩን ይዘን ወደ ጤና ጣቢያው ሦስት ሆነን ሄድን። መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ያለችው ባለሙያ ልንወቅሳት የመጣን መስሏት ፊቷ ተለዋውጦ ነበር፤ ገጹን ስታየው ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጤና ጣቢያው በየሁለት ወሩ የቀረውንና የሚያስፈልገውን መድኃኒት ዘግቦ ከመንግሥት አቅራቢው ያዝዛል፤ ለሽያጭ የሚሆነውን መድኃኒት ለመግዛት ግን በእጁ ገንዘብ ሊኖረው ይገባል። ለመድህን አባል መድኃኒት ሲሰጥ ገንዘቡን ከታካሚው አይቀበልም፤ ሒሳቡን በሩብ ዓመት አጠቃልሎ ለመድህን ጽሕፈት ቤት ይልካል፤ ጽሕፈት ቤቱ አጣርቶ ይከፍላል። ማጣራቱ ከዘገየ ጤና ጣቢያው የሚገዛበት የለውም፤ ካልገዛ አባሉ «የለም» ይባላል፤ የለም የተባለ አባል በሚቀጥለው ዓመት አያሳድስም፤ ሲቀር የመድህኑ ገንዘብ ያንሳል። በግማሽ ገጹ ወረቀት መጨረሻ ላይ ያየሁት «ያልተከፈለ» የሚለው ቃል ይኸው ነበር። ዓመታት ሙሉ የተቆጣነው በመስኮቱ በኩል የምናያትን ሴት ሲሆን፣ ቋጠሮው ያለው ማንም አባል በማይሄድበት ቢሮ ውስጥ ነበር።

ማጣራቱ ለምን ይዘገያል ብለን ስንከታተል ደግሞ ከፊሉ ጥፋት ወደ እኛው ዞረ። ለእያንዳንዱ ታካሚ በእጅ የሚሞላ ቅጽ አለ፤ በዚያ ላይ የአባልነት ቁጥሩ ካልተነበበ ወይም በደብተሩ ካለው ፎቶግራፍ ጋር ሰውዬው ካልተመሳሰለ ቅጹ ይመለሳል። የደብተራችን ግማሹ በዝናብና በጭስ የተበላሸ፣ የልጆች ፎቶግራፍ የሌለበት ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ደብተር መዋዋስ ነው። የጎረቤት ልጅ ሲታመም ደብተር አላውስም ማለት በአገራችን እንደ ጭካኔ ይቆጠራል፤ እኔም ከዚያ በፊት አውሻለሁ። በእድር ላይ ይህን ማንሣት ሒሳብ ከማንበብ የከበደ ነበር። «የተዋሰ ሰው የታከመበት ቅጽ ሲመለስ የጤና ጣቢያው ገንዘብ ይቀራል፤ ያ ገንዘብ የእማሆይ የግፊት እንክብል ነው» ብዬ ስናገር የሰሙኝም፣ ያኮረፉኝም ነበሩ። ፎቶግራፉን በሚመለከት ግን መፍትሔው ቀላል ሆነ፤ ሰውን ወደ ከተማ ከመላክ ይልቅ ፎቶ አንሺውን ከከተማ በሰንበቴ ቀን አስመጣነው፤ ብዙ ቤተሰብ ተሰብስቦ ስለጠበቀው በዋጋም ራራልን።

በ2011 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከአምስት አጎራባች ቀበሌዎች ተወካዮች ጋር አስቀድመን ተነጋግረን፣ ጥያቄያችንን በጽሑፍ አድርገን፣ የመድኃኒት ደብተሮቹን ጭምቅ ሐሳብ አያይዘን ገባን። በቃል የተነገረ ቅሬታ «ተነሥቷል» ተብሎ ያልፋል፤ ተጽፎ የገባ ግን ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል፣ በሚቀጥለውም ጉባኤ «ምን ደረሰ?» ለማለት ያስችላል። የመጀመሪያው ጥያቄያችን የመዋጮው መሰብሰቢያ ወር እንዲቀየር ነበር። በኅዳር ጤፉ ገና ታጭዶ ክምር ላይ ነው፤ ገበሬው ጥሬ ገንዘብ የለውም፤ ለመዋጮ ብሎ ከነጋዴ በርካሽ ቀድሞ ይሸጣል ወይም ይበደራል። አውድማ ከተወቃ፣ እህል ገበያ ከወጣ በኋላ በጥር ቢሆን ያው መዋጮ ግማሽ ያህል ይቀልለዋል። ይህ ሳይከራከሩ ተፈቀደ። እስከዚያ ድረስ ሳይለወጥ የቆየው የገበሬውን አቆጣጠር ገበሬውን የጠየቀ ስላልነበረ ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ ሒሳቡ ተጣርቶ እስኪያልቅ ድረስ ለጤና ጣቢያው ከሚገባው ክፍያ ከፊሉ በቅድሚያ እንዲለቀቅ ነበር፤ ብዙ ክርክር ከተደረገበት በኋላ በየሩብ ዓመቱ አንድ እጅ እንዲሰጥና ቀሪው ከማጣራት በኋላ እንዲከፈል ተወሰነ። ሦስተኛው ሒሳቡ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ነበር፤ ይህ አልተፈቀደልንም፤ ለተወካዮች በጽሑፍ እንዲሰጥና በቀበሌ እንዲነበብ ብቻ ተስማሙ። ለእኔ በቂ ነበር፤ ከሚያነቡት ሰዎች የሚሰሙት ይበልጣሉና።

ከሌላ ቀበሌ የመጡ ተወካዮች መዋጮው ይቀነስ ብለው ሲጠይቁ ግን አልደገፍኋቸውም፤ ለዚህም በኋላ በገበያ ላይ ተወቅሻለሁ። የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። ከሁላችን የሚሰበሰበው ገንዘብ በአንድ ወረዳ ሰው የተወሰነ ትንሽ ጎተራ ነበር። በሙከራው ዘመን የፌዴራሉ መንግሥት አባላት ባዋጡት ላይ 25 በመቶ ይደጉም የነበረውም ጎተራው በመዋጮ ብቻ እንደማይሞላ ታውቆ ነው። መዋጮው ሲያንስ መጀመሪያ የሚጎድለው መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት የማያስገኝ ርካሽ መዋጮ ደግሞ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው፤ አንድ ጊዜ ለመድህኑ፣ ሌላ ጊዜ ለግል መድኃኒት ቤት። ድሃውን የሚጠቅመው የሚከፈልበት ወር መመቸቱ፣ የማይችለውም በትክክል ተለይቶ በመንግሥት ክፍያ መግባቱ ነው ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም አምናለሁ።

ይህ የማይችሉትን የመለየት ነገር ከሁሉም ይበልጥ ያስቸገረን ነው። የመጀመሪያውን ዝርዝር የሠራነው የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ፣ የጎጥ ኃላፊዎችና እኔ በአንድ ከሰዓት ተቀምጠን ነው። ለጎጡ የተፈቀደው ቁጥር ውሱን ስለሆነ በአእምሯችን የመጡትን ስም ጻፍን፤ የሚመጣልን ደግሞ ደጅ የሚጠናን፣ በየስብሰባው የሚታይ ሰው ስም ነው። ከወንዙ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ዓይናቸው የደከመ አዛውንት ሳይጻፉ ቀሩ፤ ሁለት በሬ ያለው የአንዱ ኃላፊ ዘመድ ተጻፈ። ስሕተቱን ለማረም ዝርዝሩን ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ በይፋ እናንብበው አልንና አነበብነው። ይህም ሌላ ስሕተት ሆነ። «የድሃ ድሃ» ተብለው በሕዝብ ፊት ስማቸው የተጠራ አንድ አባት ተነሥተው፣ «እኔ ለማኝ አይደለሁም፤ ፋቁኝ» ብለው ሄዱ፤ ሦስት ልጆች ነበሯቸው።

በሦስተኛው ጊዜ አሠራሩን ለወጥነው። በየጎጡ ሰው የሚያምናቸው ሦስት ሰዎች፣ አንዷ ሴት እንድትሆን ተደርጎ፣ ቤት ለቤት ዞረው ይመርጣሉ። ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት አይነበብም፤ ተቃውሞ ያለው ግን ለእድሩ ዳኛ በግል እንዲነግር አንድ ሳምንት ይሰጠዋል። «የድሃ ድሃ» የሚለውን አጠራር ትተን «ወረዳው የሚከፍልላቸው» ማለት ጀመርን፤ ደብተራቸውም ከሌላው ደብተር በመልኩ አይለይም። ስሜ ይፋቅ ያሉት አባት በዚህ መንገድ ተመለሱ። ባለ ሁለት በሬው ወጣ፤ የወጣው በእድሩ ዳኛ ጆሮ በተነገረ ቃል ስለሆነ ማን እንደተቃወመው ሳያውቅ ነው፤ ጠብም አልመጣም።

ጤና ጣቢያውን የሚመለከተው የማህበረሰብ ምዘናም አለ፤ በየሦስት ወሩ ኅብረተሰቡ ተሰብስቦ ስለ አክብሮትና ርኅራኄ ያለው አገልግሎት፣ ስለ መጠበቂያ ጊዜ፣ ስለ መድኃኒትና ምርመራ መገኘት፣ ስለ ሕንፃው፣ ስለ አምቡላንስና ስለ ንጽሕና ነጥብ ይሰጣል። በመጀመሪያዎቹ ምዘናዎች ሁሉም ሰው ሙሉ ነጥብ ሰጠ፤ ምክንያቱም ነጥብ የሚሰጠው የጤና ጣቢያው ሠራተኞች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳለ ነበር፤ ነገ መርፌ የሚወጋህን ሰው ፊቱን እያየህ ዝቅተኛ ነጥብ አትሰጠውም። ሴቶች ለብቻቸው፣ ወንዶች ለብቻቸው ተቀምጠው ከተነጋገሩ በኋላ ሠራተኞቹ እንዲገቡ ስናደርግ ነጥቡ ወረደ፤ ውይይቱም ያን ጊዜ ውይይት ሆነ። ሴቶቹ አስቀድመው ያነሡት ወንዶቹ ከቶ ያላሰቡትን ነው፤ በአምቡላንስ ለወሊድ የተወሰደች እናት ከወለደች በኋላ ጨቅላዋን ይዛ በምን ትመለሳለች የሚለውን።

የቀረም ብዙ ነው። የስኳር እንክብሉ እስከዚያ ድረስም በየጊዜው ይጠፋ ነበር፤ ከውጭ የተገዛ መድኃኒት ገንዘብ ለመመለስ «የለም» የሚል ማህተም ያረፈበት ማዘዣና የሻጩ ደረሰኝ ይጠየቃል፤ ደረሰኝ የማይሰጥ ሻጭ ስላለ ብዙ ሰው ይቀርበታል። እማሆይ በ2012 ዓ.ም. ጥር ሒሳቡ ሲነበብ ሰምተው አሳደሱ፤ በሚቀጥለው ዓመትም «ባለፈው ያነበብኸው ተራፊ ከዘንድሮው መነሻ ጋር አይገጥምም» ብለው ጠየቁኝ፤ ስናየው በመገልበጥ የተሳሳትሁት እኔ ነበርሁ።

የመድኃኒት ደብተሩን በ2013 ዓ.ም. አሥረኛ ክፍል ለጨረሰች የጎረቤቴ ልጅ አስረከብኋት። በተረከበች በሳምንቱ እኔ ያሰመርሁትን መስመር አይታ ከጎኑ አንድ ሌላ ዓምድ ጨመረችበት፤ ታካሚው ከቤቱ የተነሣበትና የተመለሰበት ሰዓት። «አያ፣ መድኃኒቱን ያገኘም ቢሆን ቀኑን ሙሉ ውሎ ነው፤ ይህስ አይቆጠርም?» አለችኝ።